ማሳ

ላዳዬ ሲሻት ትነሳለች፣ ሲሻት ደግሞ ዝም፤
ዝምታዋም ሁልጊዜ አንድ ዓይነት አይደለም።
አንዳንዴ «ቀጭ» ትላለች፣ ምላስ እንደ ማንቋት፣
አንዳንዴ ጭራሽ ምንም፤ የዳሽቦርዱ መብራት
ብቻውን ያፈጥብኛል።

ጠዋት ሠራተኛ ሰፈር በብርዱ ስቀሰቅሳት
በአንድ ቁልፍ እሺ ትላለች፤ ማን ይጠርጥራት?
ስድስት ኪሎ አድርሼ፣ ከአራት ኪሎ ጭኜ፣
ለገሐር ላይ ነው የምታዋርደኝ፣ ላብ በላብ ሆኜ።
ተሳፋሪው ሰዓቱን ያያል፣ እኔ ቁልፉን አያለሁ፤
«አሁን ትነሳለች» እላለሁ፣
ማን እንደነገረኝ እንጃ።

ስለዚህ ከተማውን በቁልቁለቱ ተማርኩት።
አስፋልቱ የት እንደሚያዘቀዝቅ በፍሪሲዮን ለካሁት።
ከማዘጋጃ ቤት አፋፍ ላይ ቸርችልን ቁልቁል ሳየው
ለሌላው ሰው ጎዳና ነው፤ ለእኔ ግን ሞተሪኖዬ ነው።
ፍሬን መልቀቅ፣ ሁለተኛ ማርሽ፣ ትንሽ መንደርደር፣
ከዚያ ፍሪሲዮኑን ለቀቅ፤ ናጥ አድርጋኝ ግርርር!
ፖስታ ቤት ሳልደርስ ነፍስ ትዘራለች።
ሜክሲኮ፣ ሜዳ ሜዳውን፣ የሚሄድ ደንበኛ ሲመጣ
«አልሄድም» እላለሁ፣ ገንዘቡ ከእጄ ሲወጣ።

ድንቁ «ባትሪው ሞቷል» አለ። አዲስ ገዛሁ በዱቤ።
ሦስት ቀን ደህና ሰነበተች፣ እኔም ተኛሁ ጠግቤ።
በአራተኛው፣ ቀጭ።
ከድር «ሞተሪኖው ነው፣ ካርቦኑ አልቋል» ብሎ ፈታው፣
በመዶሻ እጀታ ኳ ኳ አድርጎ መታው፣
መልሶ ገጠመው፣ እጁን በናፍታ ታጠበ፣
ተነሳች! ሰፈሩ አጨበጨበ።
እሑድ ከቅዳሴ መልስ ጊዮርጊስ በር ላይ ደርቃ
ሦስት ዲያቆን ገፉልኝ፣ ነጠላቸው ጭቃ በጭቃ።
«ጠበል እርጫት» አሉኝ እትዬ አስካለ በሹክሹክታ፤
«ሽቦ ውኃ አይወድም እትዬ» አልኩ፣ ልቤ ግን አመነታ።

ሶማሌ ተራ መጨረሻ፣ ከአባቷ ሱቅ ደጃፍ፣
ራውዳ የምትባል ልጅ አለች።
ኮፋኖውን አልነካችም። መጀመሪያ ጠየቀችኝ፦
«የምትለግመው መቼ ነው? ስትሞቅ ነው ስትበርድ?
ጉድጓድ ከዘለለች በኋላ? ዝናብ ሲወርድ?
ስታዞራት የፊት መብራቷ ይደበዝዛል?»
ይህን ሁሉ ወር ሰው ሁሉ መልስ ይዞ መጣ እንጂ
ጥያቄ ይዞልኝ የመጣ አልነበረም።

ሁለት የሽቦ እግር ያላት አንዲት አምፖል አመጣች፤
አንዱን እግር ከባትሪው ኔጋቲቭ፣
ሌላውን ከሞተሩ ደረት አስነክታ
«አዙር» አለች።
አዞርኩ። ቀጭ።
አምፖሏ ቦግ አለች።
«እዚህ ጋ መብራት አልነበረባትም» አለች ፈገግ ብላ፤
«ኤሌክትሪኩ ሄዷል፣ መመለሻ ነው ያጣው፣ መንገዱ ተበልቷላ።
ማሳው ነው።»

ማሳ!
እኔ ያሰብኩት የአባቴን ነው፣ ሰንዳፋ ያለውን፣
አሁን ፎቅ የበቀለበትን፣
በካሳው ላዳ የገዛሁበትን።
እሷ ግን ከሞተሩ ሥር አንዲት ጠፍጣፋ ገመድ ጎትታ
አሳየችኝ፤ አረንጓዴ ዝገት ለብሳ፣ ግማሽ ጅማቷ ተፈትታ፣
ሲርገበገብ የምትነካካ፣ ሲሞቅ የምትላቀቅ፣
ላይዋን ቀለም ተቀብታ።

ብርጭቆ ወረቀት። ብረቱን ነጭ እስኪሆን ፈገፈገችው፣
አዲስ ማሳ ቆርጣ በአሥራ ሦስት ቁልፍ አጠበቀችው፣
ግራሶ ቀባችው።
ሂሳቧ የባትሪዬን ሩብ አይሞላም።
አሥር ጊዜ አጠፋሁ፣ አሥር ጊዜ ተነሳች፤
በአሥራ አንደኛው ራውዳ «ነዳጅህን አትጨርስ» ብላ ሌላ መኪና ሥር ገባች።

ይኸው ሁለት ወር ሊሞላት ነው።
ለገሐር፣ ሜክሲኮ፣ ስታዲየም፣ ሜዳ ሜዳውን እሠራለሁ።
ማታ ፒያሳ ስመለስ ግን፣ ደልዳላው ቦታ ባዶ ሆኖ፣
እጄ ራሱ መሪውን ይጠመዝዛል፤
አፍንጫዋን ወደ ቁልቁለቱ አዙሬ አቆማታለሁ።
«ትነሳ የለ እንዴ?» ይለኛል ጥበቃው።
«ትነሳለች» እላለሁ፣
ድንጋዩን ከጎማዋ ሥር እያደላደልኩ።